ገብተው አልወጡም ያልኳቸው ሴቶች

የሥራዬ የመጀመሪያ ቀን አንድም ወረቀት ሳላነብ አለፈ። ከዩኒቨርሲቲው የተጻፈልኝን የትብብር ደብዳቤ ማህተሙ እንዳይጨማደድ በሁለት መጽሐፍ መሀል አጣብቄ፣ ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ሁለት ታክሲ ቀያይሬ ከአንድ የቆየ የአእምሮ ሆስፒታል ደረስኩ። የሆስፒታሉን ስም አልጽፍም፤ እዚያ ገብተው የነበሩ ሰዎች ዘመዶች ዛሬም በሕይወት አሉ። የካርድ ክፍሉ ኃላፊ አቶ ደጀኔ ደብዳቤዬን ቆመው አነበቡና መጥረጊያና አንድ ያረጀ ነጭ ጋዋን ሰጡኝ።

«የድሮዎቹ ካርዶች ከኋላ ባለው ቆርቆሮ ቤት ናቸው» አሉኝ። «መጀመሪያ አቧራውን አስወጪ። ከዚያ በኋላ ስለ ታሪክ እናወራለን።»

ረዳት ምሩቅ ነበርኩ፤ በማዕረግ ከመጥረጊያው ትንሽ ከፍ የምል። ሳስነጥስ ዋልኩ። ቤት ስገባ አባቴ ምን ስሠራ እንደዋልኩ ጠየቀኝና ስጠርግ ነው አልኩት። አባቴ በልጅነቱ ከጋሞ መጥቶ ኮልፌ የቀረ፣ አጠና ተራ እንጨት የሚነግድ ሰው ነበር። ለመጥረግ ዲግሪ ያስፈልጋል ወይ ብሎ ሳቀብኝ። ቀጥሎ የጠየቀኝ ግን ከሳቁ በኋላ ነው።

«ታሪክ የነገሥታት መስሎኝ ነበር። የታመመ ሰው ታሪክ ለማን ይጠቅማል?»

ለራሱ ለታመመው ነው አልኩት። እንዳላመነኝ ያስታውቅ ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም ያን ጊዜ ይህን ያህል እርግጠኛ አልነበርኩም።

ለወጣት ባልደረቦቼ የአሠራሩን ነገር ላስረዳ። በካርድ ክፍል ማስታወሻ የሚያዘው በእርሳስ ብቻ ነው፤ እስክሪብቶ በር ላይ ይቀራል። ለእያንዳንዱ ሰው በደብተር አንድ ገጽ ይከፈታል። ገጹ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አይጻፍም። ስምና ቁጥር የሚገናኙበት ሌላ ትንሽ ደብተር አለ፤ እሱ ቢሮዬ ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል። የማንንም ስም ለማንም ላልናገር ፈርሜያለሁ። አቶ ደጀኔ ስወጣ ቦርሳዬን ይፈትሻሉ፤ አንድም ቀን ዘለው አያውቁም። ረዳት ፕሮፌሰር የሆንኩ ዕለት እንኳ «እንኳን ደስ ያለሽ» ብለው ቦርሳዬን ተቀበሉኝ።

ካርዱ ከላይ ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌና የገባበት ቀን አለው። ቀጥሎ «አምጪ» የሚል መስመር አለ፤ በሽተኛውን ማን እንዳመጣው የሚጻፍበት ነው። ከዚያ በታች «የሕመሙ ታሪክ» ይመጣል። የሕመሙ ስም በሐኪሙ እጅ በፈረንጅኛ ሲጻፍ የሕመሙ ታሪክ ግን በጸሐፊው እጅ በአማርኛ ነው የሚጻፈው። እኔ የኖርኩት በዚያ አማርኛ ውስጥ ነው።

ወንዶቹ ላይ እንዲህ ይላል፦ ሰው በድንጋይ መታ፤ ልብሱን ጥሎ ሄደ፤ መኪና ፊት ቆመ። ሴቶቹ ላይ ደግሞ፦ ባሏን ትሳደባለች፤ ሳታስፈቅድ እናቷ ቤት ትሄዳለች፤ ወጥ አሳርራ ትስቃለች። የወንዱ ሕመም መንገድ ላይ ታይቶ በፖሊስና በጎረቤት ይነገራል። የሴቷ ሕመም ጓዳ ውስጥ ይታይና በባሏ አፍ ይነገራል። ከእነዚህ ካርዶች የጻፍኩት መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፍ ይኸው ነበር። እሱ ዛሬም በእግሩ ቆሟል።

የወደቀው ሁለተኛው ምዕራፍ ነው። በካርድ ያገኘኋቸውን ስሞች አንድ በአንድ ይዤ የመውጫ መዝገቡን አየሁ። ወንዶቹ አብዛኞቹ ተገኙ፤ ድኖ ወጣ፣ ተሽሎት ወጣ፣ ጠፋ ይላል። ከሴቶቹ ብዙዎቹ የሉም። የሞት መዝገቡን አየሁ፤ እዚያም የሉም። ከእያንዳንዷ ገጽ ግርጌ በቀይ እርሳስ «መውጫ የለም» ብዬ ጻፍኩ።

ጥናቱን ለትምህርት ክፍሉ ሳቀርብ አንድ አዛውንት መምህር እጃቸውን አነሡ።

«ካልወጡና ካልሞቱ የት ሄዱ?»

«እዚያው ቀሩ» አልኳቸው።

አዳራሹ ዝም አለ። እኔም ሞኟ ዝምታውን እንደ ማስረጃ ቆጠርኩት። መጽሐፉ ሲወጣ ሰው የወደደው ይህንኑ ምዕራፍ ነው። ሬዲዮ ጠርቶኝ «ሴቶቹ ገቡ፤ አልወጡም» ብዬ ተናገርኩ። ጥሩ አረፍተ ነገር ነበር፤ ታክሲ ውስጥ ሰው ሲደግመው ሰምቼ ኮርቻለሁ።

ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ ነው ያ አረፍተ ነገር ዞሮ ቤቴ የመጣው።

ሙኒራ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናት፤ ይህን የምጽፈው ፈቅዳልኝ ነው። ማዞሪያው አካባቢ የሻሽና የቀሚስ ሱቅ አላት። አባቷ ከስልጤ መጥተው ኮልፌ ሱቅ የከፈቱ ነጋዴ ነበሩ፤ ሱቁ የእሳቸው ነው። እኔን እትዬ ትለኛለች። የመጀመሪያ ልጇ ፈቲያ ወልዳ ለአራስነቷ እናቷ ቤት መጥታ ነበር። እኔም የሕፃን ልብስ ይዤ ልጠይቅ ሄድኩ። ፈቲያን ከሕፃንነቷ አውቃታለሁ፤ ዓይነ አፋር፣ ስትናገር ወለል ወለሉን የምታይ ልጅ ናት።

ያን ቀን ቀና ብላ አየችኝና ሳታቋርጥ ታወራ ጀመር። ልጁ የእኔ አይደለም፣ ቀይረውታል፣ የእኔ ልጅ እጁ ትልቅ ነበር አለች። ሳቀች። እንደገና አለቀሰች። ለአራት ቀን እንዳልተኛች ሙኒራ በሹክሹክታ ነገረችኝ። ሕፃኑ ሌላ ክፍል ውስጥ ጡጦ ይጠባል። የፈቲያ ባል ጀማል የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ ሥራውን ትቶ በረንዳ ላይ ተቀምጧል።

ስወጣ በር ድረስ ተከተለኝ። «ማዘር ሐኪም ቤት እምቢ አሉ፤ በሩን ቆልፈውባታል። እባክዎ እርስዎ ያናግሩልኝ። የእርስዎን ነገር ይሰማሉ» አለኝ።

በማግስቱ ሙኒራን ሱቋ ሄጄ አናገርኳት። ይህ የአራስ ሕመም ነው፣ ይታወቃል፣ ሐኪም ጋ ብትሄድ ትድናለች፣ ቢዘገይ ግን ለእሷም ለሕፃኑም ያስፈራል አልኳት። ዱዓ እያስደረገች እንደሆነ ነገረችኝ። ሼሁ ራሳቸው «ሐኪምም ሰበብ ነው፤ አላህ በእሱም በኩል ያድናል፤ ሰበብ አድርሺ» ብለዋት ነበር። የሼሁንም አልሰማችም።

«እትዬ፣ ይህን የሚሉኝ እርስዎ ነዎት?» አለችኝ። ድምፅዋን አላነሣችም። «በሬዲዮ ገብተው አልወጡም ያሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ? እኔ ወላሂ ሬዲዮውን ታቅፌ ነው ያለቀስኩት። እናቴም ገብታ አልወጣችም።»

ሙኒራ አምስት ዓመቷ እያለ እናቷ ሸምሲያ ታናሽ ወንድሟን ወለደች። ከወለደች ሦስት ሳምንት ሳይሞላት እንቅልፍ አጣች፣ ሕፃኑን አልነካም አለች፣ ጎረቤት እያስነሣች ታወራ ጀመር። አባታቸው ወደ ሆስፒታሉ ወሰዷት። ከወራት በኋላ ልጆቹን ሰብስበው እናታችሁ እዚያው ሞተች አሏቸው። መቃብር የለም፣ ለቅሶ አልተቀመጡም። ሙኒራ ይህን ለሰው ተናግራ አታውቅም፤ ልጄን ማን ያገባታል ብላ።

«ልጄን እዚያ ከማስገባት እዚሁ ፊቴ ትሙት» አለችኝ።

እንዲህ ያፈርኩበት ቀን በሕይወቴ የለም። አንዲት ልጅ በተቆለፈ በር ጀርባ እየታመመች ነው፤ ቁልፉን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ዘመኑ ተለውጧል፣ አሁን አስታማሚ አብሮ ይገባል ብዬ ለመንኳት። አይሆንም አለች።

ቢሮዬ ሄጄ ትንሹን ደብተር ከፈትኩ። አገኘኋት። ሸምሲያ ከድር። ቁጥሯን ይዤ ትልቁን ደብተር ገለጥኩ፤ ኮልፌ፣ አራስ፣ አምጪ ባል። ከገጹ ግርጌ በራሴ ቀይ እርሳስ «መውጫ የለም» ይላል። ይህን ገጽ ስጽፈው ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር።

ለሙኒራ ይህን መናገር አልችልም፤ ፊርማ አለብኝ። ግን ልጅ የእናቷን ማኅደር የመጠየቅ መብት አላት። ተመልሼ ሄጄ «የእናትሽን ነገር ከእኔ አፍ አትስሚ» አልኳት። «ማመልከቻ ጻፊ፤ ራስሽ ገብተሽ እዪ። ሞተችም ከተባለ የሞተችበትን ቀን እወቂ። ከዚያ በኋላ ስለ ፈቲያ የምትወስኚውን ወስኚ።»

«ቀኑን እንኳ ባውቅ» አለች ሙኒራ።

ማመልከቻውን በካርዱ ቁጥር እኔ ጻፍኩት፣ እሷ ፈረመች። በማግስቱ ጠዋት ወረዳ ሄደን የሸምሲያ ልጅ መሆኗን የሚያረጋግጥ ማስረጃ አስጻፍን። ማህተም የሚመታው ሰው ስብሰባ ገብቶ ስለነበር ግማሽ ቀን በረንዳ ላይ ቆምን። ሙኒራ በየደቂቃው ወደ ቤት እየደወለች «በላች?» ትላለች። ጀማል «እምቢ አለች» ይላል። ከሰዓት በኋላ ሆስፒታሉ ደረስን።

አቶ ደጀኔም ጡረታ ሊወጡ ወራት ቀርቷቸው ነበር። ማመልከቻውንና ማስረጃውን በየተራ አነበቡ፣ ወደ ኋላ ገብተው ቆዩና አንድ የገረጣ ካርድ ይዘው መጡ። ሙኒራ ፊት አስቀመጡት። በጣቷ ስሙን ተከትላ አነበበችና ግራ ገባት።

«ይህ ልክ አይደለም» አለች። «ከድር እኮ የኔ አባት ነው። የእናቴ አባት ሁሴን ነው። እናቴ ሸምሲያ ሁሴን ናት።»

አቶ ደጀኔ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ አስረዷት። «ያን ጊዜ ካርድ የሚወጣው ባመጣው ሰው መታወቂያ ነበር። ሴቶቹ አብዛኞቹ መታወቂያ ይዘው አይመጡም፤ ቢይዙም በዚያ ሰዓት የሚናገር አንደበት የላቸውም። ጸሐፊው ከባልየው መታወቂያ ላይ ስሙን ገልብጦ ከስሟ ቀጥሎ ይጽፈዋል።»

«የመውጫ መዝገቡስ?» አልኳቸው።

«መውጫውማ ስትድን ነው የሚሞላው። ስሟን ራሷ ተጠይቃ ነው የምትናገረው።»

«አቶ ደጀኔ፣ ይህን ለምን አልነገሩኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ» አሉ። በእውነት ገርሟቸው ነበር። «ስንት ዓመት ስትመላለሺ፣ ይህን የማታውቂ መቼ መሰለኝ?»

በአገራችን ሴት አግብታም የአባቷን ስም እንደያዘች ትኖራለች። ስለዚህ በካርዱ ላይ ሁለተኛውን ስም ባየሁ ቁጥር አባቷ ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ወንዶቹ በመውጫ መዝገቡ ላይ የተገኙልኝ መታወቂያቸው የራሳቸው ስለነበር ነው። ሴቶቹ የጠፉብኝ በባሎቻቸው ስም ስለፈለግኳቸው ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል፤ ስሕተቱም አብሮ እንደሚወረስ የነገረኝ አልነበረም።

የመውጫ መዝገቡን አወጣን። ሁለት ወር የሚያህል ገልጠን «ሸምሲያ ሁሴን፣ ድና ወጥታለች» የሚል መስመር አገኘን። ሙኒራ ብድግ አለች። እኔ ግን ያዝኳት። ሸምሲያ ሁሴን የምትባል ሴት በከተማው አንድ ብቻ አይደለችም፤ መውጫው ላይ ደግሞ የካርድ ቁጥር አልተሞላም። አንዴ በችኮላ አልወጡም ብያለሁ። አሁን ደግሞ በችኮላ ወጥታለች ብዬ ይህችን ሴት ሁለተኛ ላታልላት አልፈለግሁም።

«የልብሱን መዝገብ አይተሽዋል?» አሉኝ አቶ ደጀኔ።

አላየሁትም። መኖሩንም አላውቅም ነበር። በሽተኛ ሲገባ ልብሱና ንብረቱ ተቆጥሮ በከረጢት ይታሰራል፣ ከረጢቱ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ግምጃ ቤት ይገባል። ሲወጣ ቆጥሮ ይረከባል፣ እዚያው መስመር ላይ ይፈርማል። እኔ በዚያ ሁሉ ዓመት ያነበብኩት የሐኪሙንና የጸሐፊውን እጅ ነበር። የግምጃ ቤት ሠራተኛ ታሪክ ይጽፋል ብሎ ማን ያስባል?

መዝገቡ ከብርድ ልብስ ክምር ሥር ነበር። አቶ ደጀኔ የመግቢያዋን ቀን ይዘው ገለጡት። መስመሩን እኔ ነኝ ጮክ ብዬ ያነበብኩት፦ «ሸምሲያ ከድር። አንድ ጥቁር ቀሚስ፣ አንድ አረንጓዴ ሻሽ፣ አንድ ጥንድ ላስቲክ ጫማ፣ ሁለት የብር አምባር፣ አንድ የሕፃን ሹራብ።» በዚያው መስመር መጨረሻ በሌላ ቀለም፦ «ሁሉንም ተረክቤአለሁ። ሸምሲያ ሁሴን።» ከጎኑ የአውራ ጣት አሻራ። ከሥሩ፦ «ወሳጅ፣ ወንድሟ አብዱ ሁሴን።» ቀኑ ከመውጫ መዝገቡ ቀን ጋር አንድ ነው።

ሙኒራ ለረጅም ጊዜ አሻራውን አየችው። አልነካችውም።

«ወጥታለች?» አለችኝ።

«ወጥታለች።»

«በእግሯ?»

«በእግሯ። ድና። ልብሷን ራሷ ቆጥራ ተቀብላ።»

የብርድ ልብሱ ክምር ላይ ተቀመጠችና ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። እኔም አለቀስኩ። አቶ ደጀኔ በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ አፍንጫቸውን ጠረጉ፤ አቧራ ነው አሉ። ሙኒራ ከዚያ ተነሥታ ስልኳን አወጣችና ለጀማል ደወለች። ያለችው ሁለት ቃል ነው። «ልጄን አምጣት።»

ሰዓት አልሞላም፤ ጀማል ሚኒባሱን ባዶውን እያበረረ ግቢ ገባ። ፈቲያ የኋላ ወንበር ላይ ጥግ ይዛ ታወራለች። ካርድ መስኮቱ ጋ ወረፋው አጭር ነበር። ጸሐፊዋ መታወቂያ ስትል ጀማል እንደ ልማዱ የራሱን ከኪሱ አወጣ። ሙኒራ እጁን ቀስ ብላ መለሰችለት። ከቦርሳዋ የፈቲያን መታወቂያ አውጥታ በመስኮቱ አስገባች።

«በእሷ ነው የሚወጣው» አለች።

ጸሐፊዋ አሁንማ እንዲህ ነው የሚሠራው ብላ ፈገግ አለች። ልክ ነበረች፤ አሠራሩ ከተለወጠ ቆይቷል።

ያየቻት ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የታወቀ ሕመም እንደሆነ፣ መድኃኒት እንዳለው፣ ራሷም ከልጇ ጋር ማደር እንደምትችል ለሙኒራ በእርጋታ ነገረቻት። ዱዓውንም ቀጥሉበት አለች። በሦስተኛው ቀን ፈቲያ ተኛች። በሳምንቱ ልጄ የት ነው ብላ ጠየቀች። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ወደ ቤት ስትመለስ ሕፃኑን ታቅፋ ከሚኒባሱ ወረደች፤ እንደ ድሮዋ ወለል ወለሉን እያየች ሰላም አለችኝ። ያን ዓይነ አፋርነቷን እንዲህ እወደዋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

የሸምሲያ ነገር ግን አላለቀም። ጀማል በአንድ የእረፍት ቀን ሙኒራንና ወንድሟን ወደ ስልጤ ወሰዳቸው፤ እኔንም ጨመሩኝ። የአብዱ ሁሴንን ቤት ለማግኘት ሦስት ገበያ ጠየቅን። አብዱ አርፏል፤ ሚስቱ አሉ፣ አሮጊት ናቸው፣ ሁሉን ያስታውሳሉ። ሸምሲያ ከሆስፒታል ወጥታ ወንድሟ ጋ ኖራለች። አግብታ ሁለት ልጅ ወልዳለች፤ ስትወልድ በየጊዜው ሰው አጠገቧ ያድር ነበር፤ ሕመሙ አንዴ ትንሽ ነካ አድርጓት አለፈ። ገበያ ቅቤ ትሸጥ ነበር። የሞተችው በስተርጅና፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው።

«ሁለት ጊዜ ኮልፌ ሄዳለች» አሉ አሮጊቷ። «ከድር ልጆቹን አታስደንግጪ ብለው ከበር መለሷት። ከዚያ በኋላ የልጆቹን ስም ብቻ ትጠራ ነበር።»

ከተመለስን በኋላ ሙኒራ አንድ ሳምንት ሙሉ ሱቋን አልከፈተችም። አባቷ ሞተዋል፤ የምትጠይቀው ሰው የለም። ስሄድ የአባቷን ፎቶ ከግድግዳ አውርዳ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራ አስቀምጣው አየሁ። በሌላ ቀን ደግሞ ሰቅላው አገኘሁ።

«ተናድጄበታለሁ እትዬ» አለችኝ። «እስክሞት እናደድበታለሁ። ግን ቀለለኝ። እናቴ ብቻዋን አልሞተችም። እብድ ሆናም አልሞተችም። ቅቤ እየሸጠች፣ ልጅ እያሳደገች ነው የሞተችው። አልሐምዱሊላህ።»

እኔም ወደ ቆርቆሮ ቤቱ ተመለስኩ። ሁለት ተማሪዎች ይዤ የልብሱን መዝገብ ከመጀመሪያው ገጽ አንሥተን ከካርዶቹ ጋር እያገናኘን አንድ ዓመት ሠራን። በየሳምንቱ ከደብተሬ ላይ «መውጫ የለም» የሚለውን በላጲስ እፍቃለሁ። ሰው የራሱን ሥራ ሲያፈርስ እንዲህ ደስ ይለዋል ቢሉኝ አላምንም ነበር። ሁሉም አልወጡም፤ ከረጢታቸው ያልተፈታ ሴቶች አሉ፣ የእነሱን ገጽ እንዳለ ትቼዋለሁ። የብዙዎቹ ግን መስመር መጨረሻ ላይ አሻራ አለ። ወሳጃቸው ወንድም፣ አባት፣ እናት ይላል። ባል የሚለው ጥቂት ነው። ሆስፒታሉ አልዋጣቸውም፤ መልሶ ያልተቀበላቸው ያመጣቸው ቤት ነው። አዲሱ ሁለተኛ ምዕራፌ ይህን ይላል።

አንድ ባልደረባዬ በሚቀጥለው እትም በግርጌ ማስታወሻ ብታርሚው ይበቃል፣ ለምን ራስሽን ታጋልጫለሽ ብሎ መከረኝ። ሙኒራ የግርጌ ማስታወሻ አታነብም አልኩት። ያው ሬዲዮ ጣቢያ ሄጄ ተሳስቻለሁ አልኩ። ጋዜጠኛው አላሳፈረዎትም ወይ አለኝ። አሳፍሮኛል፣ ግን እንኳን ተሳሳትኩ አልኩት። ልክ ሆኜ ቢሆን ኖሮ እነዚያ ሴቶች በሙሉ እዚያ ቀርተው ነበር።

ባለፈው ዓመት ፈቲያ ሁለተኛ ልጇን ፀነሰች። ማንም ሳይነግራት በስድስተኛው ወሯ ያችኑ ሐኪም ሄዳ ቀድማ አነጋገረቻት። ወለደች፣ ተኛች፣ ደህና ናት። ሴት ልጅ ናት የወለደችው። ሸምሲያ ተብላለች።

ከሥራ ዘመኔ ለባልደረቦቼ የማቀብለው ይህን ነው። መዝገብ ሐሰት ላይጽፍ ይችላል፤ ግን መዝገቡ ሲሞላ ጠረጴዛው ላይ የማን መታወቂያ እንደነበር ጠይቁ። የሚጠየቀው ሰው አጠገባችሁ ተቀምጦ ቦርሳችሁን እየፈተሸ ሊሆን ይችላል። ያገኛችሁትን ስትናገሩም የምትሰማችሁ ሴት፣ ልጇን ሐኪም ቤት ለመውሰድ እያመነታች እንደሆነ አስባችሁ ተናገሩ።